በአንድ ዶላር የተሸጠው ጉድጓድ፦ የላቭ ካናል ጉዳይ ከጅማ ሲታይ

በጅማ፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ የእናት ጡት ወተትና የላም ወተት ለዲዲቲ ቅሪት ተመርምሮ ውጤቱ በ2013 ታትሟል። የሚጠባ ሕፃን በቀን ከወተቱ ጋር የሚወስደው ዲዲቲ በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 62 ማይክሮግራም ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ ለማነጻጸሪያ የተያዘው የዓለም ጤና ድርጅትና የፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት) ገደብ 20 ነበር። ነገሩ በተነሳ ቁጥር ወሬው ወደ ርጭት ያደላል፦ የወባ መድኃኒቱ ከታሰበለት ግድግዳ አልፎ ማሳ ላይ ዋለ፣ እህል ላይ ተነሰነሰ ይባላል። ኬሚካሉ ግድግዳም ማሳም ላይ ከመድረሱ በፊት ያደረበት የመጋዘን ወለል ግን ብዙ አይነሳም። መጋዘኑ ባዶ ሆኖ፣ ተጠርጎ፣ ለሌላ አገልግሎት ሲሰጥ ከሲሚንቶው በታች ያለው አፈር የማን ኃላፊነት ነው? ማን ይለካዋል? እስከ መቼ?

ይህን ጥያቄ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ የመለሰው ቦታ ከጅማ እጅግ ሩቅ ነው፦ አሜሪካ፣ ኒውዮርክ ግዛት፣ ናያግራ ፎልስ ከተማ፣ ላቭ ካናል የሚባል ሰፈር። ጉዳዩን እዚህ የምናነሳው የቆየ የአሜሪካ ታሪክ ለመተረክ አይደለም። ብዙ ሰው «ጸድቷል» ብሎ የሚያውቀው ያ ቦታ ዛሬም በፓምፕ የሚጠበቅ፣ ቆሻሻው ከመሬቱ ያልወጣ ቦታ ስለሆነ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያ አዋጆች ግን በወጡበት ቁጥር ተጠቅሰዋል።

ጉድጓዱ እንዴት ሞላ

ዊልያም ላቭ የተባለ ሰው በ1890ዎቹ የናያግራን ወንዝ ላይኛውንና ታችኛውን ክፍል በቦይ አገናኝቶ ኤሌክትሪክ ሊያመነጭ ቁፋሮ ጀመረ። የገንዘብ ቀውስ መጣ፤ ኤሌክትሪክንም በሽቦ ሩቅ መላክ ተቻለና ፋብሪካ የግድ ከወንዙ ጎን መቆሙ ቀረ። ቦዩ ሳያልቅ ተተወ። ሁከር የተባለው የኬሚካል ኩባንያ ከ1942 እስከ 1953 ቆሻሻውን እዚያ ደፋ፤ የተመዘገበው መጠን 21,800 የአሜሪካ ቶን ነው። በእኛ ልኬት ሁለት መቶ ሺህ ኩንታል ገደማ ይሆናል። አንድ አይሱዙ 50 ኩንታል ይጭናል ብንል አራት ሺህ ምልልስ ማለት ነው።

ትልቁ ድርሻ፣ 6,900 ቶን ያህሉ፣ ከሊንዴን ምርት የተረፈ ነበር። ሊንዴን ፀረ ተባይ ነው። አንድ ቶን ሊንዴን ለማውጣት ከ8 እስከ 12 ቶን የሚደርስ ጥቅም የሌለው፣ ኤች.ሲ.ኤች የሚባል የሊንዴን ዘመድ ኬሚካል ይተርፋል፤ ስለዚህ ፀረ ተባይ በተመረተበት አገር ሁሉ እንዲህ ያለ ክምር የሆነ ቦታ አለ። ከቀሪው መካከል ክሎሮቤንዚን፣ ቤንዚል ክሎራይድና ሰልፋይድ ይገኙበታል። 200 ቶን ትራይክሎሮፌኖልም ነበረ፤ በውስጡ ደግሞ ዳይኦክሲን የሚባል እጅግ መርዛማ ኬሚካል። ዳይኦክሲኑ በክብደት ኢምንት ቢሆንም ኋላ ላይ ከሁሉ በላይ ወጪ ያስወጣው እሱ ነው።

ለፍትሕ ያህል አንድ ነገር መባል አለበት፤ ቦታው ለዘመኑ መጥፎ ምርጫ አልነበረም። ቦዩ የተቆፈረው ውሃ እምብዛም በማያሳልፍ የሸክላ አፈር ውስጥ ነው፤ ሲሞላም ከላይ በሸክላ ተከደነ። ሳይነካ ቢቀመጥ ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። የተረጋገጠው ግን ሳይነካ አለመቀመጡ ነው።

ወረቀቱ ነበር

በሚያዝያ 1953 ኩባንያው መሬቱን ለከተማው የትምህርት ቦርድ በአንድ ዶላር አስተላለፈ። የሽያጭ ውሉ ዝም አላለም፤ መሬቱ በኬሚካል ምርት ተረፈ ነገር መሞላቱን ይገልጻል፣ አደጋውንም ሙሉ በሙሉ በገዢው ላይ ይጥላል። ገዢው ፈረመ። በ1955 ወደ 400 ተማሪዎች የያዘ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እዚያው ተከፈተ። የግንባታ ቁፋሮው የኬሚካል ጉድጓድ ሲያጋጥመው ሕንፃው ከታሰበበት ቦታ ፈቀቅ ተደረገ እንጂ ሥራው አልቆመም።

ማስጠንቀቂያው የተጻፈው ገዢና ሻጭ ብቻ በሚያነቡት ወረቀት ላይ ነው። በ1957 የፍሳሽ መስመር የቀበረው የከተማው ሠራተኛ ያን ውል አላየም። መስመሩ የሸክላውን ግድግዳ በስቶ አለፈ። በቧንቧው ዙሪያ የሚሞላው ጠጠርና አሸዋ ደግሞ ከሸክላው ይልቅ ውሃ የሚወደው መንገድ ነው። መንገዶችም ቦዩን አቋርጠው ተሠሩ። ከክዳኑ ላይ የተቆረጠ አፈር ሌላ ቦታ መደልደያ ሆነ። በ1968 የፈጣን መኪና መንገድ በስተደቡብ ሲሠራ የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ወንዙ የሚሄድበትን በር አጠበበው።

ውጤቱ በእንግሊዝኛ የገንዳ ክስተት የሚባለው ነው፤ እኛ የተደፈነ ማጠቢያ ብንለው ይገባል። ከላይ በተቀደደው ክዳን ዝናብ ይገባል፣ ከታች ሸክላው አያሳልፍም፣ ውሃው ይሞላና በጠርዙ ይፈስሳል፤ ኬሚካሉንም ይዞ። ከ1975 በኋላ በረዶና ዝናብ የበዛባቸው ዓመታት ተከታተሉ። የተቀበሩ በርሜሎች ከመሬት ብቅ አሉ፣ ጥቁር ቅባት በቤቶች ምድር ቤት ግድግዳ ላይ መንጠባጠብ ጀመረ።

በ1994 ጉዳዩን ያየው የፌዴራል ዳኛ ጆን ከርቲን ኩባንያው ቸልተኛ ነበር፣ የሕዝብን ደህንነት ፈጽሞ የናቀ ግን አይደለም ሲሉ ፈረዱ። በሕግ ሚዛን ልክ ሊሆን ይችላል። ከመሬት አስተዳደር አንጻር ግን ጥፋቱ ከማንም ይልቅ በወረቀቱ አቀማመጥ ላይ ይታያል፦ ማስጠንቀቂያው ተጽፏል፣ ተፈርሟል፣ ፋይል ገብቷል፤ አካፋ የያዘው ሰው እጅ ግን አልደረሰም።

ነዋሪው ያየው፣ ባለሙያው ያላመነው

ኦገስት 2 ቀን 1978 የግዛቲቱ ጤና ኮሚሽነር አስቸኳይ ሁኔታ አወጁ፤ ነፍሰ ጡሮችና ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት እንዲወጡ መከሩ። ከአምስት ቀን በኋላ ፕሬዚዳንት ካርተር የፌዴራል አስቸኳይ ሁኔታ አወጁ። ከቦዩ አጥር ጋር የሚዋሰኑት ሁለት ረድፍ ቤቶች ተለቀቁ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሰፈር ደህና ነው ተባለ።

ሎይስ ጊብስ የተባሉት የሰፈሩ እናትና ጎረቤቶቻቸው ግን በየቤቱ እየዞሩ የታመመውን ሁሉ መዘገቡና ካርታ ላይ ነጥብ ጣሉ። ነጥቦቹ በክብ ሳይሆን በመስመር ተደረደሩ። መስመሮቹ ቤት ከመሠራቱ በፊት ክረምት ሲመጣ ውሃ ይወርድባቸው የነበሩ፣ ኋላ በአፈር የተደፈኑ ትናንሽ ሸለቆዎች መሆናቸውን ያወቁት የድሮ ሰዎችን ጠይቀው ነው። የሥነ ሕይወት ተመራማሪዋ ቤቨርሊ ፔገን መረጃውን ተንትነው ሲያቀርቡ ባለሥልጣናቱ የቤት እመቤቶች ወሬ ነው ብለው ናቁት። በግንቦት 1980 ሁለተኛው የፌዴራል አዋጅ ወጥቶ በጠቅላላው 950 ያህል ቤተሰቦች ለቀቁ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 11 ሱፐርፈንድ የሚባለው የጽዳት ሕግ ተፈረመ።

ጅማ ላይ ይህ ቀላል የቤት ሥራ ነው። የአዌቱ ወንዝ ከተማውን ሰንጥቆ ወደ ቦዬ ረግረግ ይወርዳል፤ በየሰፈሩ ዛሬ ቤት የተሠራበት ድሮ ግን ውሃ መውረጃ የነበረ ቦታ አለ። አሮጌ መጋዘን ሲጠና ከመሣሪያ በፊት የሚያስፈልገው በሰፈሩ ለረጅም ጊዜ የኖሩ ሦስት አራት አዛውንት ናቸው፦ ውሃው በየት ይወርድ ነበር? ጉድጓዱ የተቆፈረው የት ነበር? ያረጀ ዱቄት የተቀበረው ከየትኛው ዛፍ ሥር ነው? ጥበቃና ጫኝ አውራጅ የነበሩ ሰዎች ከመዝገብ ይበልጣሉ፤ መዝገብ የገባውንና የወጣውን እንጂ የፈሰሰውን አይጽፍም።

የተሠራው ሥራ፦ መክደን፣ መክበብ፣ መሳብ

ቆሻሻውን ቆፍሮ ማውጣት ታስቦ ተትቷል። ሁለት መቶ ሺህ ኩንታል የተደባለቀ መርዝ በመኖሪያ ሰፈር መካከል መክፈት ጋዝና አቧራ ያስነሳል፤ ከወጣ በኋላም የሚሄድበት የለም። የተመረጠው ባለበት መያዝ ነው። ይህ ሦስት ክፍል አለው፣ ከሦስቱ አንዱ ከቀረ ሌሎቹ ዋጋ የላቸውም።

የመጀመሪያው ክዳን ነው። መጀመሪያ ሸክላ ብቻ ተደረገ። ኋላ፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ ወፍራም የፖሊኢትሊን ፕላስቲክ ሽፋን ተጨምሮበት ክዳኑ 40 ኤከር፣ ማለትም 16 ሄክታር ሆነ፤ ጉድጓዱ ራሱ 16 ኤከር ብቻ ቢሆንም። ልዩነቱ የተሳሳተ እንዳይመስል፦ ክዳን ከጉድጓዱ ጠርዝ በጣም ካላለፈ ዝናቡ በጎን ይገባል።

ሁለተኛው ዙሪያውን የሚከብ የጠጠር ቦይ ነው። ከ4 እስከ 5 ሜትር ተኩል ጥልቀት ተቆፍሮ፣ ብስ ቧንቧ ተዘርግቶ፣ በጠጠር ተሞላ። ወደ ውጭ ሊሄድ የነበረው ውሃ ቦዩ ውስጥ ይወድቅና ወደ መሰብሰቢያ ጉድጓድ ይወርዳል።

ሦስተኛው ማጣሪያ ጣቢያው ነው። ፓምፕ ፈሳሹን ይስባል፤ ከውሃ የሚከብደው ቅባት መጀመሪያ እንዲዘቅጥ ተደርጎ ለብቻው ይወሰድና በከፍተኛ ሙቀት ይቃጠላል። ውሃው በአክቲቬትድ ካርቦን፣ ማለትም ኬሚካሉን በሚይዝ ልዩ ከሰል፣ አልፎ ወደ ከተማው ፍሳሽ ይለቀቃል። ከ1979 መጨረሻ ጀምሮ ይሠራል፤ በየዓመቱ የሚጣራው በሚሊዮን ጋሎን ይቆጠራል።

በጅማ ዝናብ ይህ ምን ይመስላል? ከተማዋ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ታገኛለች። 40 በ50 ሜትር የሆነ የመጋዘን ግቢ እንውሰድ፤ 2,000 ካሬ ነው። በዓመት 3,000 ሜትር ኩብ ውሃ ይወርድበታል። ክፍት አፈር ሆኖ 30 በመቶው ቢሰርግ 900 ሜትር ኩብ በመርዙ ውስጥ ያልፋል። ጥሩ ተዳፋትና ጠንካራ ክዳን ኖሮት 5 በመቶ ቢያሳልፍ 150 ሜትር ኩብ፤ በቀን ሲካፈል ሁለት በርሜል። ሁለት በርሜል በቀን የሚቻል ሥራ ነው፣ 900 ሜትር ኩብ ግን አይቻልም። ይህ የዓመት አማካይ መሆኑን ግን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ገንዳና ፓምፕ የሚመጠነው በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ነው። መብራት ሲጠፋ የሚሆነውም ከወዲሁ ይታሰባል፦ ቢያንስ የሦስት ቀን ፈሳሽ የሚይዝ መሰብሰቢያ፣ ነዳጁ በየወሩ የሚፈተሽ ጄኔሬተር። ፓምፕ ለአንድ ሳምንት ቢቆም በውሃው ከፍታ ላይ ይታያል፤ ለአንድ ክረምት ቢቆም ጎረቤት ጉድጓድ ውስጥ ይታያል።

ክዳኑ ላይ የአፈር ጉዳይ አለ። የጅማ ቀይ አፈር ሸክላው ብዙ ነው ተብሎ እንዳለ ቢደለደል ያታልላል። ይህ አፈር በተፈጥሮው እንደ ሽንብራ ፍሬ እየተሰባበረ የሚቆም፣ ውሃ በደንብ የሚያሳልፍ ነው፤ ቡና የሚወደውም ለዚህ ነው። ክዳን እንዲሆን ጓሉ ተፈጭቶ፣ ለመጠቅጠቅ ከሚመቸው እርጥበት ትንሽ ከፍ ተደርጎ፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር በሆነ ንብርብር መጠቅጠቅ አለበት። የሚፈለገው ውሃ በክዳኑ ውስጥ በሰከንድ ከአንድ ቢሊዮንኛ ሜትር ባልበለጠ ፍጥነት እንዲያልፍ ነው፤ ይህን ዓይን አይለይም፣ ላቦራቶሪ እንጂ። ከረግረጉ ዳር የሚመጣው ዋልካ ደግሞ ሲረጥብ ድንቅ ይመስላል፣ በጋ ሲመጣ ግን እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ስለዚህ ሸክላው ላይ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ተራ አፈርና ሣር ይደረጋል፣ ዛፍ አይተከልም፤ ባሕር ዛፍ በተለይ አይታሰብም፣ ሥሩ ክዳን ይበሳል።

ውሃው ሳይሆን ጭቃው

ላቭ ካናል ላይ ክዳንና ቦይ ከተሠራ በኋላም ትልቅ ሥራ ቀርቶ ነበር። ዳይኦክሲኑ በፍሳሽ መስመሮቹ አልፎ ብላክና በርግሆልትስ የተባሉ ትናንሽ ወንዞች ደርሷል፤ ውሃው ውስጥ ሳይሆን ጭቃው ውስጥ። ወደ 19 ኪሎ ሜትር የሚሆን የፍሳሽ መስመር ታጠበ፣ ከወንዞቹ ወለል ከአሥር ሺህ ሜትር ኩብ በላይ ደለል ተዛቀ። ጭቃው በመጀመሪያ እዚያው ሊቃጠል ተወስኖ፣ ሕዝቡና ተቋማቱ ሲከራከሩ ዓመታት በመጠለያ ተቀምጦ፣ በመጨረሻ ወደ ሌላ ቦታ ተጭኖ ሄደ። ይህ ክፍል ብቻውን ከአሥር ዓመት በላይ ወስዷል።

ለጅማ ከሁሉ የቀረበው ትምህርት ይህ ይመስለናል። ዲዲቲም እንደ ዳይኦክሲን ውሃ ይጠላል፤ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ የሚሟሟው ጥቂት ማይክሮግራም ብቻ ነው። አፈርና ስብ ግን አጥብቆ ይይዛል፣ አፈር ውስጥ ለግማሹ መጥፋት ከ2 እስከ 15 ዓመት ይጠይቃል። ስለዚህ ከአዌቱ ውሃ በጠርሙስ ቀድቶ «አልተገኘም» የሚል ውጤት ይዞ መመለስ ምንም አያረጋግጥም። የሚፈለገው ከመጋዘኑ የጎርፍ መውረጃ አፍ፣ ከወንዙ ኩርባ፣ ከቦዬ መግቢያ ላይ ያለው ደቃቅ ጭቃ ነው። በግቢው ደግሞ የሚጫሩት ዶሮዎች እንቁላል ከብዙ የአፈር ናሙና ይልቅ ይናገራል።

ከዚህ ሕግ የሚያመልጥ አንድ ነገር አለ። ፀረ ተባዩ በዱቄት ሳይሆን በዘይትና በዛይሊን (የኬሚካል ማሟሟያ) ተበጥብጦ የመጣ ፈሳሽ ከሆነ፣ ፈሳሹ ራሱ ተሸካሚ ይሆንና ዲዲቲን የመሰለውን እንኳ ወደ ታች ያወርደዋል። ወለሉ ላይ የበርሜል ክብ ዝገትና የዘይት እድፍ ካለ ቁፋሮው 30 ሳንቲ ሜትር ላይ አይቆምም፤ ሽታው እስኪጠፋ ከዚያም ግማሽ ሜትር አልፎ ይሄዳል። በአቅራቢያው የእጅ ጉድጓድ ካለ የሚያሰጋው ይህኛው ነው።

ናሙና ሲወሰድ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በዕቃው ነው። ፕላስቲክ ከረጢትና ሃይላንድ ጠርሙስ ኬሚካሉን ወደ ራሱ ይስባል፤ የሚሆነው ክዳኑ ውስጡ በፎይል የተሸፈነ ቡናማ የብርጭቆ ጠርሙስ ነው። ከላይኛው 5 ሳንቲ ሜትር አንድ፣ ከ5 እስከ 30 ሌላ፤ ማንኪያው በየናሙናው መሃል ይታጠባል፣ በአሴቶን ይለቀለቃል። በረዶ ባለው ሳጥን 4 ዲግሪ ላይ ተይዞ በ14 ቀን ውስጥ ላቦራቶሪ ይጀመርለታል። ውጤቱ ሲመጣ ጠቅላላው ቁጥር ብቻ አይታይም፤ ዲዲቲ እያረጀ ሲሄድ ከሚቀየርበት ከዲዲኢ ጋር ይወዳደራል። ዲዲኢ ካመዘነ ቅሪቱ ያረጀ ነው፤ ዲዲቲው ካመዘነ ግን አዲስ የፈሰሰ ወይም እየተጠቀመ ያለ ሰው አለ። በ2013ቱ ጥናት የእናት ወተቱ ውስጥ ሁለቱ እኩል ለእኩል ቀርበው መገኘታቸው ያሳሰበው ለዚህ ነው።

ወለሉ ራሱ ደረቅ መጥረጊያ አይነካውም፤ አቧራው ከወለል ወደ ሳንባ ይሄዳል። ረጠብ ተደርጎ ይዛቃል ወይም ማጣሪያ ባለው ማሽን ይሳባል። የተሰነጠቀ ሲሚንቶ ተቆርቁሮ ይነሳል፣ የማጠቢያው ውሃ በርሜል ውስጥ ይገባል እንጂ ወደ ግቢ አይደፋም። ባዶ ጀሪካንና በርሜል ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ ተበስቶ፣ ተጨፍልቆ ነው የሚወጣው፤ አለዚያ ቆራሌው ይወስደውና ውሃ ወይም ዘይት ይቀመጥበታል። መቀበር የለበትም፤ መቀበር ማለት ሌላ ትንሽ ላቭ ካናል መጀመር ነው። ሜዳ ላይ ማቃጠልም ክሎሪን ያለበትን ኬሚካል ወደ ዳይኦክሲን ይቀይራል፤ በደንብ የሚያጠፋው 1,100 ዲግሪ ሙቀትና ቢያንስ የሁለት ሰከንድ ቆይታ ነው። ኢትዮጵያ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከየመጋዘኑ የተሰበሰበ ወደ 1,500 ቶን ያረጀ ፀረ ተባይ አሽጋ እስከ ፊንላንድ ድረስ የላከችው እንዲህ ያለ ምድጃ ፍለጋ ነው።

ማለቅ የሌለበት ሥራ

ላቭ ካናል ከአደገኛ ቦታዎች ዝርዝር የወጣው ሴፕቴምበር 30 ቀን 2004 ነው። እስከዚያ ወደ 400 ሚሊዮን ዶላር እንደፈጀ ተነግሯል፤ ሁከርን የወረሰው ኦክሲደንታል በ1995 ለፌዴራል መንግሥቱ 129 ሚሊዮን ለመክፈል ተስማምቶ ነበር። ከዝርዝር መውጣት ግን ከሥራ መውጣት አይደለም። አጥሩ አለ፣ ፓምፑ ይሠራል፣ ከመቶ በላይ መቆጣጠሪያ ጉድጓዶች አሉ፣ በየአምስት ዓመቱም የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም ጠቅላላ ግምገማ ያደርጋል።

ከዕለት ሥራው ወሳኙ ቀላሉ ነው። ሁለት ቱቦዎች ጎን ለጎን ተተክለዋል፤ አንዱ ከጠጠር ቦዩ ውስጥ፣ ሌላው ከቦዩ ውጭ። መለኪያ ገመድ ይወርዳል፣ ጫፉ ውሃ ሲነካ ይጮሃል፣ ቁጥሩ ይጻፋል። በቦዩ ውስጥ ያለው ውሃ ከውጭው ዝቅ ካለ ውሃው ወደ ውስጥ እየገባ ነው፣ መልካም። ከፍ ካለ መርዙ እየወጣ ነው። እዚህ ላይ ጀማሪ ሁሉ አንድ ስህተት ይሠራል፦ ገመዱ የሚያነበው ከቱቦው አፍ እስከ ውሃው ያለውን ርቀት ነው፤ ስለዚህ ትልቅ ቁጥር ማለት ዝቅ ያለ ውሃ ነው። የሁለቱ ቱቦ አፎችም እኩል ቁመት ላይ አይደሉም። እያንዳንዱ አፍ በሰርቬየር ተለክቶ ከባሕር ጠለል ያለው ከፍታ ካልተጻፈበት መዝገቡ የዓመታት ድካም ሆኖ አንዳች አያስረዳም። ውሃ ለላቦራቶሪ ሲቀዳም ቱቦው ውስጥ የቆመው ውሃ መጀመሪያ ይወጣል፤ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ 6 ሜትር ውሃ ከያዘ 12 ሊትር ያህል ነው፣ የተለመደው ሦስት እጥፍ ስለሆነ 35 ሊትር ተቀድቶ በበርሜል ይያዛል።

ካርቦኑ ላይ ደግሞ ሁለት ታንኮች በተከታታይ ይቀመጣሉ፣ ናሙናው ከሁለቱ መሃል ይወሰዳል። የመጀመሪያው ማሳለፍ ሲጀምር ሁለተኛው ገና ይይዛል። ከመጨረሻው ብቻ የሚለካ ሰው ያወቀ ዕለት ፈሳሹ ወጥቷል።

ካርታው ላይ ማን ይጽፈዋል

ኢትዮጵያ ውስጥ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በአንድ ዶላር ሽያጭና በኃላፊነት ማውረጃ አንቀጽ ከዕዳው መሸሽ አይቻልም። ይህ ጥንካሬ ነው፣ አንድ ሰው ከተመደበለት። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995፣ የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ 674/2002፣ የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ 1090/2010 አሉ። ክፍተቱ በሕጎቹ መካከል ሳይሆን በቢሮዎች መካከል ነው። ሕንፃው የጤና ወይም የግብርና ሆኖ ይቆያል፣ ኋላ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ይተላለፋል፣ ከዚያ በሊዝ ይወጣል። በየርክክቡ የሚቆጠረው ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ ቆርቆሮ ነው። አፈሩ በርክክብ ሰነድ ውስጥ የለም።

ስለዚህ የምንለው ቀላል ነው። የተበከለ ግቢ ሲታወቅ ወሰኑ በጂፒኤስ ተለክቶ በመሬት አስተዳደሩ ፋይልና በይዞታ ካርታው ላይ ይሰፍራል፤ ያ ብቻውን ግን ከ1953ቱ ውል አይበልጥም። ያው ወሰን በአንድ ገጽ ንድፍ ተሠርቶ ለውሃና ፍሳሽ፣ ለመብራት ኃይል፣ ለቴሌና ለመንገድ ሥራ ክፍል ይሰጣል፤ የቁፋሮ ፈቃድ ከመፈረሙ በፊት የሚታይ ዝርዝር ውስጥ ይገባል። ሰው ሲቀየር ዝርዝሩ አይቀየርም። የፓምፕና የናሙና ወጪውም በፕሮጀክት ገንዘብ ሳይሆን በየዓመቱ በሚጸድቅ በጀት ላይ የራሱ መደብ ይኖረዋል፤ ፕሮጀክት ያልቃል፣ ዝናቡ አያልቅም።

የላቭ ካናል ፋይል ላይ ኋላ ከተጨመሩት ገጾች አንዱ የ2011 ነው። ያ ሁሉ ገንዘብ ከወጣ፣ ቦታው ከዝርዝር ከወጣ ከስድስት ዓመት በላይ በኋላ፣ ከአጥሩ ውጭ ኮልቪን በሚባል ጎዳና የፍሳሽ ቧንቧ ለመጠገን የቆፈሩ ሠራተኞች ኬሚካል አጋጠማቸው። በድሮ መስመር ውስጥ የቀረ ቅሪት ነው ተባለ። ነዋሪዎቹ ደግሞ ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ። ቦታውን ያገኘው ከዓመታት ምርመራ አንዱ አይደለም፤ የቧንቧ ጥገና ኤክስካቫተር ነው።